በሠርጌ ዲስክ ላይ የተሰማችው ልጅ

ስሜ አስካለ ነው። የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ጽሑፌ ቢጎረብጥባችሁ ታገሱኝ። ሱፍ እያስፈተልኩ ባና፣ የመንዙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አሠርቼ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ጥላሁን ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ካሳደግናቸው አራት ልጆች ሦስቱ ትዳር ይዘዋል፤ የመጨረሻዋ ሕይወት ደብረ ብርሃን ትማራለች።

የሚያውቁኝ ሰዎች ፈሪ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ጉም የወረደ ቀን ትምህርት ቤት አልልክም ነበር። መምህራኑ «የአስካለ ልጆች የጉም ፈቃድ ላይ ናቸው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሕይወት ሃያ ዓመት ሞልቷት እንኳ ሚኒባስ ስትሳፈር የሹፌሩን ስም ጠይቄ፣ ታርጋውን በእጄ መዳፍ ላይ ጽፌ ነው የምመለሰው። ልጅ ሱቅ ልኬ አላውቅም። ጨው ቢያልቅብኝ ድስቱን አውርጄ ራሴ እሄዳለሁ። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ እስካለፈው ዓመት ሚያዝያ ድረስ ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ከሠርጌ ይጀምራል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያደግሁበት መንደር ከመሐል ሜዳ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በልጉ ሲያረጥብ ዋለ። የሚያጫውቱት አያ ደምስ የሚባሉ በመንዝ የታወቁ መሲንቆ መቺ ነበሩ። የዚያን ዕለት አንድ የካሴት ነጋዴ ትልቅ የቴፕ ክር መቅጃ ይዞ ከአዲስ አበባ አብሯቸው መጣ። ሠርግ ቤት ውስጥ፣ በሕዝብ መሀል ሲጫወቱ ሊቀዳቸው ፈልጎ ነው። አባቴን አስፈቅዶ አንዱን ማይክ ከሙሽራ መቀመጫ በላይ ካለው የዳስ ቋሚ ላይ፣ ሌላውን ከዳሱ በር አጠገብ አሰረ።

ካሴቱ ወጥቶ ገነነ። ሰው «የአፋፉ ሠርግ» ይለው ነበር። የደብረ ብርሃን አውቶቡሶች ክሩ እስኪላላ አጫወቱት። እኔ ግን ቤቴ አስገብቼው አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ከከፈቱት ወርጄ ሌላ መኪና እጠብቅ ነበር። ማንም አይፈርድብኝም፤ በዚያው ቀን እህቴ ሞታለችና።

ብርቄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሠርጉ ደምቆ ሳለ ከዳሱ ወጣች። ውጭ ጉም ነበር፤ አልተመለሰችም። በማግስቱ ከገደሉ ሥር አገኟት። ጀርባዋ ላይ የእኔ ባና ታስሮ ነበር። ቤታችን በእንግዳ ስለተጨናነቀ የሙሽራ ዕቃዬ የተቀመጠው በገደሉ ጫፍ ተሂዶ በሚደረስበት በአክስቴ በእትዬ ዘነበች ቤት ነበር። እትዬ ዘነበች የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። በዚያ ቀን ልጆቹን እንዲጠብቁ አደራ የተሰጣቸውም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ባናውን እንድታመጣ ብርቄን የላኳት እሳቸው ናቸው አለ። እናቴ በለቅሶው መሀል ቆማ «ልጄን ለጉም የሰጠሻት አንቺ ነሽ» አለቻቸው። እትዬ ዘነበች አንድ ጊዜ ብቻ «አልላክሁም» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አፋቸውን አልከፈቱም። ሁለቱ እህትማማቾች እናቴ እስክትሞት ድረስ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ብርቄን የላክኋት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ሙሽራ ተሸፍና ትቀመጣለች። አትነሳም፣ ቀና አትልም፣ አትናገርም። የተናገረች ሙሽራ ቤተሰቧን ታሳፍራለች። ብርዱ ግን አጥንቴ ገብቶ ጥርሴን ያንገጫግጨው ነበር። ብርቄ እግሬ ሥር ተቀምጣ የነጠላዬን ጥለት ትጎነጉናለች። እንደተሸፈንኩ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ከኋላዬ ባለው የዳሱ ሸራ ክፍተት ወጣች። ሙሽራ ትናገራለች ብሎ የሚያስብ ስለሌለ ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ስላልተጠየቅሁም ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ሠላሳ አምስት ዓመት ሄደ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ አንድ ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ።

«የአፋፉ ሠርግ ሙሽራ እርስዎ ነዎት?» አለኝ አንድ የወንድ ድምፅ።

ኤፍሬም እባላለሁ አለ። ሥራው የድሮ የመድረክና የሠርግ ቅጂዎችን አጥርቶ፣ ጥሩ ድምፅ ለሚወዱ ሰዎች በልዩ ዲስክ እንደገና ማውጣት ነው። የካሴት ነጋዴው ሞቶ ቤተሰቡ ጋ ዋናውን ክር አግኝቶታል።

«እና ከእኔ ምን ፈለጉ?» አልኩት።

«ከዲስኩ ጋር ትንሽ መጽሐፍ ይወጣል። እዚያ ላይ የሚያጨበጭቡትን፣ የሚቀበሉትን ሰዎች ስም መጻፍ እፈልጋለሁ። ድምፃቸውን የሚለይልኝ ሰው አጣሁ።»

«ካሴቱ ላይ እኮ ጫጫታ ነው እንጂ የሰው ድምፅ አይለይም።»

«ካሴቱ ሁሉንም አንድ ላይ ደራርቦት ነው። ክሩ ላይ ግን ሁለቱ ማይኮች ለየብቻ ናቸው። አሁን ማን የት እንደተቀመጠ ይታወቃል። የሳል ድምፅ እንኳ አይቀርም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያንን ማይክ አስታወስኩት። ከራሴ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነበር የታሰረው።

በሳምንቱ ኤፍሬም ከሚኒባስ ወረደ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጺሙ ሽበት የጣለበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁለት ቁመተ ረጃጅም ስፒከሮችን በፍራሽ ጠቅልሎ አመጣ። ሕይወት ለእረፍት መጥታ ቤት ስለነበረች አብራው ተሸከመች። ገና ሳይቀመጥ እጁን ደጋግሞ አጨበጨበና ግድግዳውን አዳመጠ።

«ግድግዳው ድምፅ ይመልሳል» አለ። «ወፍራም ጨርቅ ይኖራችኋል?»

ሕይወት ሳቀች። «ባና ሻጭ ቤት ገብተህ ጨርቅ አላችሁ ወይ ትላለህ?»

የምሸጣቸውን ባናዎች አውጥተን በምስማር ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ጥቁርም ቡናማም ባና ዙሪያችንን ሲከብበን ክፍሉ ጠበበ፣ ድምፃችንም አፋችን ላይ የሚቀር መሰለ። ሕይወት «ዋሻ የገባሁ መሰለኝ» አለች።

«አንዲት እልል የምትል ሴት አለች» አለ ኤፍሬም ሽቦ እየቀጠለ። «እንደሷ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። በሕይወት አለች?»

«እንጃ» አልኩት። ዋሸሁት። እትዬ ዘነበች ልጃቸው ጋ፣ ከእኔ ቤት ሦስት መንገድ አልፎ ይኖራሉ። በየበዓሉ ሥጋም ቅቤም እወስድላቸዋለሁ። ሰው «ለአክስቷ እንዲህ የምታስብ የለችም» ይለኛል።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል።

«አስካለ፣ መናኸሪያው ሁሉ ሠርግሽ እንደገና ተጀመረ ይላል። ሳትጠሪኝ ልትዳሪ ነው?»

«ይግቡ እትዬ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ገብተው ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ምነው፣ ባናውን ልታሰጪው ነው ወይስ ልትሸጪው?»

«ድምፁ እንዲጠራ ነው፣ እማማ» አለ ኤፍሬም።

«እንግዲያስ ለቤተ ክህነቶቹም ንገራቸው። የሚካኤል ማይክ እየጮኸ ጆሯችንን በላው።»

ኤፍሬም ከሁለቱ ስፒከር እኩል የሚርቅ አንድ ወንበር አስቀምጦ ነበር። ጥሩ የሚሰማው እዚያ ነው አለና እትዬ ዘነበችን አስቀመጣቸው። እኔ ከኋላቸው፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በመስኮቱ ጉም ሲንከባለል ይታያል፤ ፊት ለፊት ያለው የጎረቤት ቆርቆሮ ጠፍቷል።

ዲስኩን ከፈተው።

መጀመሪያ ዘፈን አልመጣም። ነፋስ መጣ። የዳሱ ሸራ እየተርገበገበ ሲመታ ሰማሁት። ከቤቴ ጣሪያ ሥር ሌላ ጣሪያ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ በኩል አንድ ሰው ሳለ። ሕይወት ዞር ብላ ቁም ሳጥኑን አየች።

«አባባ ነው» አልኩ ሳላስበው። አባቴ ከሞተ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለቴ ይስልና በመጨረሻ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አሁንም ሁለቴ ስሎ ጠረገ።

ኤፍሬም ደብተሩ ላይ ጻፈ።

መሲንቆው ተነሳ። አያ ደምስ መሀል ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የሚያጫውቱ ይመስል ነበር፤ የመምቻው ጭራ ጅማቱን ሲፍቀው ይሰማል፤ ከመዝፈናቸው በፊት አየር ሲስቡ ይሰማል። ከግራ በኩል የወንዶች ሳቅ መጣ። አንዱን አወቅሁት። ጥላሁን ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቱ የነበረው ጥላሁን። ሕይወት አባቷ ሲስቅ የሰማችው በሽምግልናው ነው። አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ቀጥሎ እናቴ «ጠላ አድርሱ እንጂ፣ ያ ጥግ ደርቋል» ስትል ተሰማች። የእትዬ ዘነበች ዘንግ ወለሉን አንድ ጊዜ መታ።

ከዚያ እልልታው። ከግራ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ቀጭንና ረጅም፣ ሳይቆረጥ።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አሉ እትዬ ዘነበች በዝግታ።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ኤፍሬም ብድግ ብሎ። ወደ እኔ አየ፤ አቀረቀርኩ።

ክፍሉ በሞቱ ሰዎች ሞላ። ባዶውን ወንበር ሳይቀር ማየት ፈራሁ። ግን የሚያስፈራኝ እነሱ አልነበሩም። ዘፈን እየቆጠርኩ ነበር። ብርቄን የላክኋት አራተኛው ዘፈን አልቆ አያ ደምስ ጭራቸውን ሙጫ ሲያስነኩ ነው። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ተጀመረ። «ሻይ ላፍላ» ብዬ ወጣሁ።

ማድ ቤት አልገባሁም። ቆጣሪው ያለው ከውጭ፣ ከበሩ ጎን ነው። ጉሙ ውስጥ ቆሜ እጄን ሰቅዬ ማብሪያውን ወደ ታች ጎተትኩት። ሃምሳ ሁለት ዓመት የኖርኩ፣ ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ እንደ ሌባ በገዛ ቤቴ ደጅ ቆምኩ። ውስጥ ዝም አለ። ፎይ አልኩ።

ስገባ ኤፍሬም ጎንበስ ብሎ ከአንድ ሳጥን ሽቦ ያወጣል።

«መብራት ሄደ» አልኩ።

«ምንም አይደል፣ ባትሪ ይዣለሁ። እንዲያውም ይሻላል። የመስመር መብራት እምም የሚል ድምፅ ያስገባል። አሁን የበለጠ ይጠራል።»

ሕይወት በመስኮቱ ወደ ጎረቤት አየች። ጉሙ ሳሳ ብሎ አምፖላቸው ይታይ ነበር። «እማዬ፣ የነሱ እኮ አለ» አለች። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ፊቴን አይታ ከመስኮቱ ራቀች።

ሦስተኛው ከቆመበት ቀጥሎ አለቀ። አራተኛው ዘፈን ረጅም ነው። በባትሪ እውነትም ጠራ፤ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ፣ አንድ ሰው ጭድ ላይ ሲራመድ። አለቀ። ተጨበጨበ። አያ ደምስ «እስቲ ሙጫውን አቀብሉኝ» አሉ። እልልታው ከግራ ተነሳ፤ ያ ረጅሙ። እሱ ሳይቆም በቀኝ በኩል፣ ከመኝታ ቤቴ በር አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ላይ፣ ጨርቅ ተንሿሿ። የሰው ትንፋሽ። ከዚያ የልጅ ድምፅ፤

«እሺ፣ ሮጬ እመጣለሁ።»

ለሠርጉ የተገዛላት የኮንጎ ጫማ ነበራት። ጫማው ጧ ጧ እያለ ከስፒከሩ ወደ ኋላ፣ በተሰቀለው ባና አልፎ፣ በግድግዳው አልፎ ሄደ። እየራቀ፣ እየራቀ ጠፋ። እልልታው ገና አላለቀም ነበር።

ኤፍሬም አቆመው። «ይህቺ ልጅ ማን ናት? ስሟን ባገኝ ደስ ይለኛል። ከሷ በፊት ያለውን ሹክሹክታ ለማውጣት ሦስት ቀን ደክሜያለሁ፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።»

እትዬ ዘነበች ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«መልሰው» አሉ እትዬ ዘነበች።

መለሰው። እልልታ፣ ትንፋሽ፣ «እሺ፣ ሮጬ እመጣለሁ»፣ ጫማ።

«ብርቄ ናት» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «የኔ ልጅ፣ እልል የምለው እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«የት ነኝ?»

«እዚህ በግራ። ከዳሱ በር ጋ።»

«ልጅቷስ?»

«በቀኝ። በመሀላችሁ ብዙ ሰው ተቀምጧል።»

«እሷ እሺ ስትል እኔ እልል እያልኩ ነው?»

«በአንድ ጊዜ ነው።»

«በአፌ እልል እያልኩ በዚያው አፌ ልጅ መላክ እችላለሁ?»

ኤፍሬም ለምን እንደሚጠየቅ አልገባውም። «እንዴት ይቻላል» አለ።

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ቅድም የእናቴ ድምፅ ወደመጣበት ጥግ አዞሩ። ጥጉ ላይ ከሱፍ ከረጢት በቀር ምንም የለም። «ሰማሽ?» አሉት ጥጉን። ትንሽ ጠበቁ። የሚመለስላቸው ይመስል እኔም ጠበቅሁ።

ሕይወት ታሪኩን ሰው እንደሚያወራው ታውቀዋለች። «ታዲያ ማን ላካት?» አለች።

ኤፍሬም ደብተሩን አየ። «ከዚህ ማይክ ሥር የተቀመጠችው ሙሽራዋ ናት።»

እትዬ ዘነበች ወንበራቸው ላይ ዞረው አዩኝ። የፊታቸውን ነገር መግለጽ አልችልም።

«ሙሽራ አትናገርም» አሉ።

በሩን እየዘጉልኝ ነበር ወይስ እየከፈቱልኝ፣ ዛሬም አላውቅም። «አዎ እትዬ» ብል ያልቃል። ክሩ ላይ ያለው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ማንም ሊያወጣው አልቻለም። መኝታ ቤቴን በር አየሁት። ከዚያ በር አጠገብ «እሺ» ያለችኝ ልጅ እስካሁን ያልተመለሰች መሰለኝ።

«ሙሽራዋ ተናግራለች» አልኩ። «በረደኝ። ባናዬን አምጪልኝ አልኳት።»

እትዬ ዘነበች ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም።

«እኔ እናትሽን ነበር የጠረጠርኩት» አሉ። «ራሷ ልካ፣ ጥፋቱ ሲከብዳት በእኔ ላይ የጣለችው መስሎኝ። ስትታመም ሦስት ጊዜ ሰው ላከችብኝ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው፣ አልሰጣትም ብዬ ቀረሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ በመጨረሻ ቀኖቿ በር በሩን ስታይ ካህን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ዝምታ እትዬ ዘነበችን ብቻ የጎዳ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዘንጋቸውን ከእጄ ሥር ቀስ አድርገው አወጡና ተነሱ። ሕይወት ልትደግፋቸው ሄደች። «ተዪኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው ወጡ።

ኤፍሬም ማሽኑን ሳይናገር ጠቀለለ። ባናዎቹን ስናወርድ ሕይወት «ለዚህ ነበር ጉም ሲሆን የምትቆልፊብን?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ባናውን አጥፋ ጨረሰችና መጥታ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወጥታ ቆጣሪውን አበራችው።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ለእኔ የነገርሽኝ ለነፍስሽ ነው። የእሷ ስም የጠፋው ግን በአደባባይ ነው» አሉኝ። ስለዚህ በሚካኤል ቀን ወደ መንደራችን ሄጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ፊት የቆዩትን ሽማግሌዎችና ሴቶች አድምጡኝ ብዬ ለምኜ ተናገርኩ። አንዳንዱ «አፈር የለበሰ ነገር ምን ያደርግልሻል» አለ። አንድ ሽማግሌ «ድሮም ሙሽራዋ ጎንበስ ስትል አይቻለሁ» አሉ። ሌላውም አየሁ አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ማንም ያላየኝ ሴት፣ በዚያ ጠዋት ያላየኝ ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት ኤፍሬም ደወለ። የልጅቷን ድምፅ ከዲስኩ ላውጣው ወይስ ይቆይ አለኝ። የምወስነው እኔ አልነበርኩም። ወደ እትዬ ዘነበች ሄድኩ። ግቢ አላሉኝም፤ ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ጠየቅኋቸው።

«ትቆይ» አሉ። «ያለችው እሺ ነው፤ ምን ክፉ ተናገረች?» በሩን ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉ። «እሑድ ውሰጂኝ።»

«የት እትዬ?»

«እህቴ ጋ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ እናቶች ናችሁ። ከተናገርኩ ወዲህ ፍርሃቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ጉም ሲወርድ ዛሬም ልጆቼ ጋ እደውላለሁ። ልጆቼን የምጠብቃቸው ስለምወዳቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ግማሹ ግን ብርቄን በእነሱ በኩል መልሼ ለመጠበቅ ነው። አሁን አራቱም ያውቃሉ። የደበቃችሁት ነገር አንድ ሰው ብቻ የሚጎዳ ከመሰላችሁ ግን የእኔን እዩ። እናቴ በር በሩን እያየች ነው የሞተችው፤ ያንን የሚመልስ ንስሐ የለም።

እሑድ እትዬ ዘነበችን በባጃጅ እስከ ዳገቱ፣ ከዚያ በእግር ወሰድኳቸው። የእናቴ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር ነው። ስንደርስ ክንዴን ለቀቁት።

«ራቅ በይ» አሉኝ። «እዚያ አጥሩ ጋ።»

አጥሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። መሬት ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ እጃቸውን አወናጨፉ፤ እንደሚጣላ ሰው። አንዴ የሳቁ መሰለኝ። ከገደሉ ጉም ተነሳና በመሀላችን ገባ። መጀመሪያ ጥዱ፣ ቀጥሎ እትዬ ዘነበች ጠፉ። ገደሉ ከመቃብሩ ብዙም አይርቅም። ልጮህ፣ ልሮጥ አፌን ከፈትኩ። ራቅ በይ ብለውኛል። አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፣ ጆሮዬንም አቀናሁ። እትዬ ዘነበች ከጉሙ ውስጥ ለእህታቸው ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ድምፃቸው ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም።